የአያቴ መንደር ለምን ጉብታው ላይ ሆነች? (አጋሮ አካባቢ)

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጂማ ከተማ ነው ያደኩት፣ አባቴ ግን ከአጋሮ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የቡና መንደር ልጅ ነው። አያቴን አላህ ይዘንለትና በህይወት እያለ ሳልጠይቀው ቀረሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ለልጆቼ የመንደሯን ታሪክ ልጽፍ ብዬ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ቤቱ ሁሉ ጉብታው ላይ ነው፣ ታች ያለው ጨፌ ባዶውን፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳን ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው ነው የሚመለሱት፣ ለምን? ደግሞ ዳር ላይ ያለችውን ቦታ ኬላ ይሏታል፣ ኬላ የሚባል ነገር ግን የለም።

ጀንፈል፦
ወንድሜ ከቦታ ስም ጀምር። በኦሮምኛ ቱሉ ካለ ኮረብታ ነው፣ ቡርቃ ካለ ምንጭ አለ። ኬላዋን ደግሞ እንዳትንቃት! አጋሮ ያለችበት አገር የጎማ መንግሥት ነበር፣ ከሊሙ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጂማ ጋር አምስቱ የጊቤ መንግሥታት የሚባሉት። በየድንበራቸው ሞጋ የሚሉት ሰው የማይሰፍርበት መሬት ይተዉና መተላለፊያው ላይ ኬላ ያቆሙ ነበር፣ ጠባቂ ነበረው፣ ነጋዴም ቀረጥ የሚከፍለው እዛ ነበር። የናንተም ስም ከዛ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ሽማግሌ ጠይቅ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ጨፌው ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ወባም አለ። ቡና ሥሩ ውሃ ከቋጠረ ይሞታል፣ ስለዚህ ተዳፋቱ ላይ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው የሚሆነው፣ ሰውም ቡናው አጠገብ ይሰፍራል። ጨፌው በጋ ላይ የከብት ግጦሽ ነው፣ ባዶ አትበለው።

ሌላው፣ መንደሯ ሁሌ እንደዚህ አልነበረችም ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጭሰኛ የነበረው ባለይዞታ ሆነ፣ የገበሬ ማህበር መጣ። ከዛ በ1970ዎቹ መጨረሻ መንደር ምሥረታ ተብሎ በብዙ ቦታ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሰራ ተደረገ፣ 1982 ላይ ፖሊሲው ሲላላ ብዙው ወደ ድሮ ግቢው ተመለሰ። አያትህ የትኛው ግቢ እንደነበሩ ጠይቅ፣ የድሮ ግቢ እንሰቱና ትልልቅ ዛፉ ይናገራል።

የሂርማታ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁኑኑ አክስቴ ጋር ደወልኩ። እውነትም መንገድ ዳር አውርደዋቸው ነበር፣ አያቴ ግን ቀን ቀን ቡናው ጋ እየወጣ ማታ ብቻ ነበር የሚመለሰው አለች፣ ኋላ ሲፈቀድ የቤቱን ቆርቆሮ ተሸክሞ ወደ ላይ የወጣው እሱ ነው መጀመሪያ። ቅዳሜ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ፣ ኬላዋንም እሷ ታሳየኛለች።