የቆየ ድራማ ሲመለስ የተወደደውን ረዳት ገጸ ባሕርይ ለሌላ ተዋናይ መስጠት ይገባልን?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከርበት የሰነበትነውን ጉዳይ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ያበቃ ተከታታይ ድራማ እንደገና ሲሠራ፣ መሪ ተዋናዩ ተመልሶ ተመልካች የሚወደው ረዳት ተዋናይ ግን በሞት የተለየበት ወይም ሳይመለስ የቀረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2004 የታየው የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ፍሬዠር በ2023 ሲመለስ፣ የመሪውን ገጸ ባሕርይ የፍሬዠርን አባት የተጫወተው ጆን ማሆኒ በ2018 አርፎ ነበር፤ ወንድሙን ናይልስን የተጫወተው ዴቪድ ሃይድ ፒርስም አልተመለሰም። አዘጋጆቹ ለሁለቱም ተተኪ አልፈለጉም። አባትየው መሞቱን የታሪኩ አካል አደረጉት፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚገናኙበትን መጠጥ ቤት በተዋናዩ ስም ሰየሙት፤ በናይልስ ፈንታም የናይልስን ልጅ አመጡ። እኔ ግን ያለ ናይልስ የፍሬዠር ጨዋታ ግማሹ እንደ ጎደለ ስለሚሰማኝ፣ ጥሩ ተዋናይ ቢተካ ይሻል ነበር እላለሁ። እናንተስ?

መልስ (አንኮበር)

ከጠያቂው ጋር እስማማለሁ። በደብር መሪጌታ ሲያርፍ ሌላ መሪጌታ ይተካል እንጂ ማኅሌቱ አይታጎልም፤ ገጸ ባሕርይም እንደዚሁ ከተዋናዩ ዕድሜ በላይ ሊኖር የሚችል ቦታ ነው። ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርከውን የአሜሪካ ድራማ የስታር ትሬክን መሐንዲስ ስኮቲን ተመልከቱ። ከ1966 እስከ 1969 የተጫወተው ጄምስ ዱሃን ካናዳዊ ሲሆን፣ የስኮትላንዱን አነጋገር ራሱ መርጦ ለገጸ ባሕርይው ያለበሰው ነው። በ2005 ካረፈ በኋላ እንግሊዛዊው ሳይመን ፔግ በ2009ኙ ፊልም ተተካ፤ በ2023 ደግሞ በአዲሱ ተከታታይ ድራማ ማርቲን ኲን የሚባል፣ በእውነትም የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ወጣት ቦታውን ያዘ። ተተኪው እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ለገጸ ባሕርይው አገር የቀረበ ሆነ ማለት ነው።

መልስ (መሐል ሜዳ፣ መንዝ)

የአንኮበሩ ወንድማችን ያነሡት የመሪጌታ ምሳሌ መልካም ቢሆንም፣ ዜማው ከመሪጌታው በፊት የነበረ ነው፤ ስኮቲ ግን እርስዎ ራስዎ እንደ ጻፉት ከዱሃን አንደበት የተወለደ ነው። የመንዝን አነጋገር ከሌላ አገር የመጣ ተዋናይ ሲያጋንነው ሰምተን የምናውቅ ሰዎች፣ በአንድ ሰው አፍ የተዋበ ንግግር በሌላው አፍ እንዴት እንደሚበላሽ አይጠፋንም። ያም ሆኖ ስኮቲን መተካት የተሳካው በሌላ ምክንያት ይመስለኛል፤ አዲሶቹ ሥራዎች ታሪኩን ወደ ኋላ መልሰው የገጸ ባሕርይውን ወጣትነት ስለሚያሳዩ፣ የተመልካች ዓይን የመልክ ለውጥን ለመቀበል ይዘጋጃል። ታሪኩ ወደ ፊት ሲቀጥል ግን ተመልካቹ ያንኑ ሰው፣ አርጅቶ፣ ይጠብቃል።

የእንግሊዞቹ ዶክተር ሁ ይህን በሚገባ የተረዳ ይመስላል። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ተዋናይ ከ1966 ጀምሮ ሲለዋውጥ የኖረ፣ መለዋወጡንም የታሪኩ ሕግ ያደረገ ድራማ ነው። ሆኖም ከ1968 ጀምሮ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የዶክተሩን ወዳጅ ብሪጋዴር ሌትብሪጅ ስቱዋርትን የተጫወተው ኒኮላስ ኮርትኒ በ2011 ሲያርፍ፣ በዚያው ዓመት በታየ ክፍል ዶክተሩ የወዳጁን ሞት በስልክ ተረዳ፤ በ2012 ደግሞ የብሪጋዴሩ ልጅ ኬት መጣች። መሪውን ያለ ስጋት የሚቀይሩ ሰዎች ረዳቱን ለመቀየር አለመድፈራቸው ብዙ ይናገራል። መሪ ገጸ ባሕርይ ታሪክ አለው፤ ረዳቱ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚታወሰው በአካሄዱ፣ በአሳሳቁና በዝምታው ነው።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)

በ1993 የቤል ኤሩ ፍሬሽ ፕሪንስ በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ የመሪው ገጸ ባሕርይ የዊል አክስት ቪቭ ከተዋናይት ጃኔት ሂዩበርት ወደ ዳፍኒ ማክስዌል ሪድ ስትተላለፍ፣ ድራማው ራሱ ስለ ለውጡ ቀልዶ አለፈ፤ የዊል ጓደኛ ጃዝ «ከወለዱ ወዲህ የሆነ ነገር ተለውጦብዎታል» እንደ ማለት ሲናገር ዊል ወደ ካሜራው ዞሮ ያያል። ቀልዱ ያስቃል፤ ተመልካች ግን እስከ ዛሬ ሁለቱን አክስቶች ማወዳደር አልተወም።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚለው መለያ ጠቅሞኛል፤ ነገር ግን ናይልስ አልሞተም። በሕይወት ያለ ወንድም፣ ያውም እንደ ናይልስ ያለ፣ በአካል ሳይታይ በወሬ ብቻ ሲነሣ ተመልካቹን ቅር አያሰኝምን?

መልስ (መሐል ሜዳ፣ መንዝ)

ያሰኛል። ሆኖም ተዋናዩ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ቦታው ክፍት ሆኖ ከቆየ አንድ ቀን ለአንድ ክፍል እንኳ ሊመጣ ይችላል፤ ተተኪ ከገባ በኋላ ግን ያ በር ይዘጋል።