ክርክር፦ የሒሳብ ሶፍትዌር የግራፉን ነጥቦች ይነቅንቅ ወይስ አይነቅንቅ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌር ግራፍ ሲስል ፈንክሽኑን ሁሉም ቦታ ላይ አያየውም። የተወሰኑ ነጥቦች ላይ ያሰላና በመስመር ያገናኛቸዋል። ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ሲቀመጡ፣ እንደ ሳይን ራሱን እየደገመ የሚሄድ ፈንክሽን ሊሸውዳቸው ይችላል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ሴጅ፣ ነጥቦቹን ሆን ብሎ ትንሽ በዘፈቀደ ይነቀንቃቸዋል። ሌላው እኩል አድርጎ ይተዋቸዋል። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ሲቀር፣ ማለትም በዲፎልት፣ የቱ ይሻላል? አብዛኛው ሰው ከዲፎልቱ አልፎ ስለማይሄድ ነገሩ ቀላል አይደለም። በሉ እንግዲህ።

የኤሌክትሪካል ተማሪ፦
ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልጀምር። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፣ ጫፉ 311 ቮልት ገደማ ነው። ይህን ሞገድ ለ1 ሰከንድ በፓይተን ሳሉት። ጊዜውን ከ0 እስከ 1 በነምፓይ ሊንስፔስ (እኩል የተራራቁ ነጥቦችን በሚያወጣው የፓይተን ትእዛዝ) ከፋፍሉት፣ የነጥቡን ብዛት ግን አትስጡት። ሊንስፔስ ብዛት ካልተሰጠው 50 ነጥብ ይወስዳል።

ምን ይወጣል? አንድ ሞገድ። ከዜሮ ተነስቶ፣ 311 አካባቢ ደርሶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ተመልሶ ዜሮ የሚገባ ለስላሳ ሞገድ። 49ኙ የሉም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። 50 ነጥብ መሃል 49 ክፍተት አለ። በእያንዳንዱ ክፍተት ሞገዱ አንድ ሙሉ ዙር ይዞርና የ1/49ኛ ዙር ትርፍ ይዞ ይደርሳል። ሶፍትዌሩ ሙሉውን ዙር አላየውም። ያያት ትርፏን ብቻ ነው። 49 ትርፍ ሲጠራቀም አንድ ዙር ይሆናል። 51 ነጥብ ብትሰጡት ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ነጥብ ዜሮ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ ሲያጠጋጋ የቀረች የቮልት ትሪሊዮንኛ ብቻ ትቀራለች፣ የግራፉ ዘንግም ራሱን አስተካክሎ ያንን ቆሻሻ ገጹን ሙሉ አድርጎ ያሳያችኋል።

እኔ ይነቅነቅ ባይ ነኝ።

የሒሳብ መምህር፦
ምሳሌህን ወድጄዋለሁ ልጄ። ድምዳሜህን ግን አልቀበልም። ስህተቱን ራስህ በጥቂት መስመር አብራርተኸዋል። 50 ሲቀነስ 49፣ አለቀ። ይህን ማድረግ የቻልከው ነጥቦቹ እኩል ስለተራራቁ ነው። እኩል ርቀት ሲሳሳት በሕግ ነው የሚሳሳተው። የት እንደሚሳሳት፣ ምን መስሎ እንደሚወጣ ቀድመህ ወረቀት ላይ ታሰላዋለህ። በዘፈቀደ የተወሰደ ነጥብ ሲሳሳትስ ምኑን ይዘህ ታሰላለህ?

ክፍል ውስጥ ያለውንም ጣጣ አስቡት። ተማሪው ሁሉ አንድ ትእዛዝ ጽፎ አንድ ዓይነት ግራፍ ካልወጣለት ትምህርቱ ይቆማል። «ቲቸር፣ የኔ ላይ ጫፉ ዝቅ ብሏል» ይላል አንዱ። «የኔ ላይ ደግሞ ሁለት ነው» ይላል ሌላው። ያኔ ስለ ሳይን ማስተማሬ ቀርቶ የሶፍትዌሩን ጠባይ ሳስረዳ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሴጅ ላይ ግራፉ በተሳለ ቁጥር በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ይህን ይዤ እንዴት ፈተና አወጣለሁ?

አንድ ነገርም አትርሱ። ተማሪ ግራፍ ከነጥብ እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ሶፍትዌሩ ችግሩን ከጀርባ ሸፍኖ ካሳለፈው ይህን መቼ ይማረዋል?

ፕሮግራመሯ፦
መምህር፣ «በሕግ ይሳሳታል» ያሉት እውነት ነው። ግን ሕጉ የሚጠቅመው መሳሳቱን ላወቀ ሰው ነው። ተማሪው 50 ኸርዝ መሆኑን ቀድሞ ስለሚያውቅ አንድ ሞገድ ሲያይ ነቃ። ፈንክሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰውስ? ግራፍ የምንስለው እኮ የማናውቀውን ለማየት ነው።

«ሶፍትዌሩ አስቸጋሪ ቦታ ሲያገኝ ነጥብ ይጨምር የለ?» የሚል አይጠፋም። አዳፕቲቭ የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ነጥብ ይይዛል፣ መሃላቸው ላይ ያሰላል፣ መሃሉ ከቀጥታ መስመሩ ከራቀ እንደገና ይከፍላል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እሱም ግን ይሸወዳል። ሳይን 199 ኤክስን ከ0 እስከ 2 ፓይ በ200 እኩል ነጥብ ውሰዱት። 199 ክፍተት፣ 199 ዙር። ሁሉም ነጥብ ዜሮ ነው። መሃሉን ሲፈትሽስ? ግማሽ ዙር ላይም ሳይን ዜሮ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ነው ብሎ ያልፈዋል። 199 ሞገድ ባለበት ቦታ አንድ ጠፍጣፋ መስመር ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

200ን ዝም ብዬ አላመጣሁትም። የሴጅ ዲፎልት ነው። ሴጅ ግን እዚህ ወጥመድ ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ጫፎች ባሉበት ይተዋል፣ የመሃሎቹን እያንዳንዳቸውን እስከ ግማሽ ክፍተት ድረስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተስማምተው ዜሮ ላይ ሊያርፉ አይችሉም ማለት ይቻላል። ሲምፓይ የሚባለው የፓይተን የሒሳብ መሣሪያ ደግሞ በአዳፕቲቭ መንገዱ ክፍተቱን ልክ መሃሉ ላይ አይቆርጥም። ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ አንድ ቦታ በዘፈቀደ ይመርጣል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ያንኑ ወጥመድ ለመሸሽ ነው።

ሐሳቡ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። ሮበርት ኩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ለኮምፒውተር ሥዕል ይህንኑ አሳይቷል። ናሙናው፣ ማለትም የሚሰላባቸው ነጥቦች፣ ሲነቀነቅ እውነት የሚመስለው የውሸት ቅርጽ ወደ ተራ ብጥብጥ ይቀየራል። ከሱ በፊት በ1983 ጆን የሎት በሪሰስ ጦጣ ዓይን ውስጥ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች በእኩል ረድፍ አለመደርደራቸው ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ጽፏል። ብጥብጥ ያየ ሰው «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ያማረ ሞገድ ያየ ሰው ግን አምኖ ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

የሲግናል ኢንጂነር፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ነጥብ ካነሰ አነሰ ነው። ሃሪ ናይክዊስት በ1928፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያስቀመጡት ነገር አለ። በእኩል ናሙና ሞገድ ለመያዝ በአንድ ዙር ከሁለት ነጥብ በላይ ያስፈልጋል። ለመብራቱ ሞገድ በሰከንድ ከ100 በላይ ማለት ነው። እሱም ለሒሳቡ እንጂ ለዓይን አይበቃም። ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኝተህ ሳይን እንዲመስልልህ ከፈለግህ በዙር 20 ገደማ ስጠው። 1000 ነጥብ ይሆናል።

50 ነጥብ ይዘህ ብትነቀንቀውስ? ክፍተቱ ከአንድ ዙር ትንሽ ይበልጣል። ግማሽ ክፍተት ወዲያና ወዲህ መግፋት ማለት ነጥቡን ዙሩ ላይ የትም መወርወር ነው። የተሰባበረ መስመር ነው የምታገኘው። እህታችን እንዳለችው መሳሳትህን ይነግርሃል፣ ሞገዱን ግን አያሳይህም።

ነገሩ ከስክሪን ውጭም አለ። የድሮ ባላስት (ከረንቱን የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት በ50 ኸርዝ መብራት ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሱ ሥር በተወሰነ ፍጥነት የሚሽከረከር የቶርኖ ራስ የቆመ መስሎ ሊታይ ይችላል። እጁን የሚሰድ ሰው አለ። ለዚህ ነው ወርክሾፕ ውስጥ መብራቶቹን በተለያየ ፌዝ ላይ ማከፋፈል የሚመከረው። ብልጭታቸው እኩል እንዳይሆን ነው።

ደግሞ ፈንክሽንና ዳታ አይምታቱብን። ፈንክሽንን የፈለግህበት ቦታ ላይ ታሰላዋለህ። ኦሲሎስኮፕ ከሚባለው የሞገድ መለኪያ የመጣ ዳታ ግን ነጥቡ ተወስዶ አልቋል። እሱን መነቅነቅ ማጭበርበር ነው። ኤፍኤፍቲ (ዳታውን ወደ ድግግሞሾቹ የሚበትን ስሌት) የሚሠራ ሰውም እኩል ርቀት ግድ ይለዋል። ክርክራችን ፈንክሽን ላይ ብቻ ይቁም።

የኤሌክትሪካል ተማሪ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። እነዚህ ሶፍትዌሮች ፎርሙላውን ያውቁታል እኮ። ፔሬዱን (የአንድ ዙር ርዝመት) ራሳቸው አስልተው በዙር 20 ነጥብ ለምን አይወስዱም? ያኔ መነቅነቁም ላያስፈልግ ነው።

ፕሮግራመሯ፦
ሲምፓይ ውስጥ ፔሬድ የሚያሰላ መሣሪያ አለ፣ ልክ ነህ። ግን ሩቅ አይወስድህም። ሳይን የኤክስ ካሬን ውሰድ። ፔሬድ የለውም፣ ወደ ቀኝ በሄድክ ቁጥር እየጠበበ ነው የሚሄደው። ከ0 እስከ 30 በ200 እኩል ነጥብ ሳለው። ሞገዱ ይጠባል፣ ይጠባል፣ ከዚያ ወደ 21 ስትጠጋ እንደገና ይለጠጥና እርጋታ ያለው ሰፊ ሞገድ ይታይሃል። እዚያ ቦታ ላይ እውነተኛው ፈንክሽን በአንድ ክፍተት አንድ ሙሉ ዙር ነው የሚዞረው። ሰፊው ሞገድ ጭራሽ የለም። ይህን ከፔሬድ አታገኘውም። ደግሞ ተጠቃሚው ፎርሙላ ሳይሆን ራሱ የጻፈውን ኮድ ቢሰጠው ሶፍትዌሩ ውስጡን አያይም።

በኑሜሪካል ስሌት የምትሠራ፦
ነጥብ ላይ ብቻ ማሰላችሁ ነው ችግሩ። ሌላ መንገድ አለ። የስክሪኑን አንድ የፒክሰል ዓምድ ውሰዱ፣ ፈንክሽኑ በዚያ ዓምድ ውስጥ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ስንት ሊሆን እንደሚችል በኢንተርቫል ስሌት አስሉ። ጄፍ ተፐር በ2001 ሲግራፍ በሚባለው የኮምፒውተር ሥዕል ጉባኤ ላይ ያቀረበው ሥራ በዚህ የቆመ ነው። ሲምፓይም ስውር ፈንክሽን (ዋይ ለብቻው ያልወጣበት እኩልታ) ሲስል ይጠቀምበታል። ሳይን በአንድ ዓምድ ውስጥ ሙሉ ዙር ከዞረ ከ-1 እስከ 1 ያለው ዓምድ ሁሉ ይቀለማል። 1000 ፒክሰል ስፋት ላይ 5000 ሞገድ ብትስሉ የሚወጣው ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ ነው። እውነቱም እሱ ነው፣ ስክሪኑ ከዚያ በላይ ማሳየት አይችልም። ዋጋው ቀላል አይደለም። ፎርሙላው ሲወሳሰብ ግምቱ ከሚገባው በላይ ይሰፋል፣ ፎርሙላ የሌለው ኮድ ላይም አይሠራም። ግን ሞገድ አይሰውርም።

የሒሳብ መምህር፦
የሁላችሁንም አነበብኩ። የ199ኙ ምሳሌ አሳስቦኛል፣ አልደብቅም። አዳፕቲቩ ያድነናል ብለን ነበር የምናስተምረው።

ግን ልብ በሉ። እናንተን ያዳናችሁ ነጥቡ ያልተስተካከለ መሆኑ ነው። ቀድሞ ያልታወቀ መሆኑ አይደለም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንድ ያልተስተካከለ የነጥብ ሰንጠረዥ አንዴ አዘጋጅቶ፣ ሁልጊዜ ያንኑ መጠቀም ይቻላል። ሳይን 199 ኤክስ እሱን አይሸውደውም። የሁሉም ተማሪ ግራፍ ደግሞ አንድ ይሆናል። ይህን ካደረጋችሁ እኔ ከነቅናቂዎቹ ጋር ነኝ። በየጊዜው አዲስ ዕጣ ማውጣቱን ነው የምቃወመው።

ፕሮግራመሯ፦
መምህር፣ ሴጅ ላይ ሲዱን ማሰር ይቻላል። የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻ ከታሰረ ግራፉ ሁሌ ያው ነው የሚወጣው።

የሒሳብ መምህር፦
እሱማ ለሚያውቅ ነው። ጥያቄው ዲፎልቱ ነበር። እንግዲያው በዲፎልት ታስሮ ይምጣ። አዲስ ዕጣ የፈለገ ራሱ ይፍታው።

የሲግናል ኢንጂነር፦
እዚህ ላይ ከመምህር ጋር ነኝ። ስላይደር እየጎተትክ ግራፍ ስታንቀሳቅስ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ነጥብ ከተጣለ መስመሩ እንደታመመ ሰው ይንቀጠቀጣል። የታሰረ ሰንጠረዥ ያንንም ይቀንሰዋል።

ግን በዚህ ብቻ አልረካም። ሶፍትዌሩ ግራፉን በሁለት የተለያየ ሰንጠረዥ ያስላው። ሁለቱ ከፒክሰል በላይ ከተለያዩ «ነጥቡ አልበቃም» ብሎ ግራፉ ላይ ይጻፍ። 50 ነጥብ ላይ የመብራቱ ሞገድ ወዲያው ይጋለጣል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ብጥብጦች አይመሳሰሉም። ሥራው በእጥፍ ይጨምራል፣ አውቃለሁ።

በኑሜሪካል ስሌት የምትሠራ፦
ሁለቱም ሰንጠረዦች የዘለሉት ቀጭን ጫፍ ቢኖርስ? ሁለቱ ተስማምተው ይሳሳታሉ። ነጥብ ላይ የቆመ ነገር ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። እኔ አሁንም ፎርሙላ ባለበት ሁሉ ኢንተርቫል ይቅደም እላለሁ።

ፕሮግራመሯ፦
ዋስትና አይሰጥም፣ ትክክል ነሽ። የኔ ጥያቄ ግን ዋስትና አይደለም። ቁጥሩ ገጥሞ በእኩል ነጥብ ላይ ውሸቱ አምሮ እንዳይወጣ ነው። ለዚያ የታሰረው ሰንጠረዥና ማስጠንቀቂያው ይበቃኛል። የነምፓይ ሊንስፔስ ግን ባለበት ይሁን፣ እሱ ነጥብ እንጂ ግራፍ አይሠራም። ኃላፊነቱ ግራፉን የሚስለው መሣሪያ ላይ ነው።

የሒሳብ መምህር፦
ማስጠንቀቂያው ላይ እስማማለሁ። ሊንስፔስ ላይ ግን አይደለም። ተማሪዎቼ ግራፍ የሚስሉት በእሱ ነው። 50 የሚለው ዲፎልት ይነሳና ብዛቱን ሰው ራሱ እንዲጽፍ ይገደድ። ቢያንስ ስንት ነጥብ እንደወሰደ ያውቃል።