ፖቶማክ ላይ ለሚጀምር ዓሣ አጥማጅ የቱ ፊሽ ፋይንደር ይሻላል?

ይህ ጥቆማ በትንሽ ጀልባ ወይም በካያክ ፖቶማክ ወንዝ ላይ መውጣት ለጀመራችሁ ነው። ፊሽ ፋይንደር ማለት ወደ ውሃው ድምፅ እየላከ ጥልቀቱንና ከሥር ያለውን ዓሣ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በጀታችሁ 200 ዶላር አካባቢ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ጋርሚን ስትራይከር 4 ግዙና በተረፈው ጥሩ ባትሪ ግዙበት።

ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ 3 ኢንች ተኩል። ካርታም የለውም። ግን ጂፒኤስ አለው፤ ለጀማሪ ደግሞ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የሰመጠ ግንድ ወይም ወለሉ ድንገት የሚጠልቅበት ቦታ ስታገኙ ምልክት ታደርጉበታላችሁ፣ ሌላ ቀን ቀጥ ብላችሁ እዚያው ትመጣላችሁ። በተቀራራቢ ዋጋ የሚገኘው ሀሚንበርድ ፒራንሃማክስ 4 ስክሪኑ ሰፋ ይላል፣ 4.3 ኢንች፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነው፣ ጂፒኤስ ግን የለውም። ዳር ዳሩ የሚታይ ትንሽ ሐይቅ ላይ ብቻ ለሚያጠምድ ይበቃል። ሰፊ ወንዝ ላይ ግን ያቺን ቦታ ፍለጋ ስትዞሩ ትውላላችሁ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጥልቀት አያጓጓችሁ። ስትራይከሩ በወንዝና በሐይቅ ውሃ እስከ 1,600 ጫማ ያነባል ይላል። ምን ሊሠራላችሁ? ፖቶማክ የሚገባበት ቼሳፒክ ቤይ እንኳ አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ገደማ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ልላክ ለምትሉም ያው ነው፤ ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይልቅ መሣሪያው ወደ ታች የሚልከው ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰፋ እዩ። ፒራንሃማክሱ ለምሳሌ ጠባብና ሰፊ አለው፣ 16 እና 28 ዲግሪ። በ5 ሜትር ጥልቀት ሰፊው እንኳ የሚያሳየው ወለሉ ላይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ክብ ብቻ ነው፣ ጠባቡማ 1 ሜትር ተኩልም አይሞላ። ስለዚህ ስክሪኑ ባዶ ሆነ ማለት አካባቢው ዓሣ የለውም ማለት አይደለም፣ ከጀልባችሁ ሥር የለም ማለት ነው።

የዓሣ ሥዕል የሚያወጣውን አማራጭ ደግሞ አጥፉት። ሣሩንም አረፋውንም ዓሣ ነው እያለ ይሸውዳል። ዓሣ ከሥር ሲያልፍ የሚወጣውን ቅስት የሚመስል መስመር ማንበብ ልመዱ፣ ትንሽ ጊዜ ቢወስድም።

ጀልባ ለሌላችሁና እንደ ፍሌቸርስ ኮቭ ካለ ቦታ ተከራይታችሁ ለምትወጡ ዲፐር የሚባል መሣሪያ አለ። ኳስ የምታህል ነገር ናት፣ ከማጥመጃው ክር ጋር አስራችሁ ትወረውሯታላችሁ፣ በራሷ ዋይፋይ ስልካችሁ ላይ ታሳያለች። ከዳር ለሚያጠምድም ትሆናለች። ችግሩ ስልኩ ነው፤ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ባትሪው ያልቃል፣ እጃችሁ ደግሞ እርጥብ ነው። ኦንላይን በ40 ዶላር የሚሸጡት ስም የለሽ መሣሪያዎች ጥልቀት ይነግሯችኋል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ገንዘብ ካላችሁ ሎውራንስ ሁክ ሪቪል 5 ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ፦ 5ኤክስ የሚባለው ካርታ የለውም፣ ስሙ ግን ተመሳሳይ ስለሆነ ሰው ሳያይ ይገዛዋል። ሀኖቨር፣ ሜሪላንድ ያለው ባስ ፕሮ ሾፕስ ሄዳችሁ ስክሪኖቹን በዓይናችሁ አወዳድሩ። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል።

ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ከሆነ ለትንሽ ስክሪን ቀኑን ሙሉ ይበቃል። ለካያክ ሊቲየሙ ቢወደድም በጣም ስለሚቀል ይሻላል። ፊውዝ ሳታስገቡ እንዳትቀጥሉት። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ ትራንስዱሰሩን፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርጉት፣ አረፋው ምስሉን ያበላሻል። ጀልባውን መብሳት ካልፈለጋችሁ ጠርዙ ላይ የሚታሰር ክንድ ያለው ማቀፊያ አለ። ፋይበር ጀልባ ከሆነ ከውስጥ ወለሉ ላይ ማጣበቅም ይቻላል፣ አሉሚኒየም ላይ ግን አይሠራም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ፍለጋችሁ ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ አታውጡ። እሱ የሚኖረው ጥልቀት በሌለው ሣር ውስጥ ነው፣ መሣሪያውም እዚያ ሣር ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ብሉ ካትፊሽ ለሚባለው ዓሣ ነው የሚጠቅማችሁ፣ የወንዙን ጥልቅ መስመር ተከትሎ ስለሚተኛ።

ያገለገለ ከገዛችሁ ትራንስዱሰሩ አብሮ መኖሩንና ገመዱ አለመቆረጡን እዩ። እሱን ለብቻ መግዛት የዋጋውን ግማሽ ሊበላ ይችላል። ሻጩ "አብርቼ አሳይሃለሁ" ቢል ደግሞ ውሃ ላይ ይሁን በሉት፣ ደረቅ ላይማ ሁሉም ይበራል።