ተለዋዋጭ ሞለኪውል ወይስ ተጣጣፊ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ የፋርማሲ ማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ «ሞለኪውሉ ተለዋዋጭ በመሆኑ ከተቀባዩ ጋር ይላመዳል» ይላል፤ ተቀባይ የሚለው መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የሰውነት ፕሮቲን ነው። «ተለዋዋጭ» እና «ይላመዳል» ቦታቸው ነው?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦ አይደለም። ተለዋዋጭ የምንለው የአየር ጠባይን፣ የገበያ ዋጋን ነው። እዚህ ግን አቶሞቹም ትስስሮቹም እንዳሉ ናቸው፤ ሞለኪውሉ በነጠላ ትስስሮቹ ላይ እየዞረ አቀማመጡን ብቻ ይቀይራል። ስለዚህ «ተጣጣፊ» በሉት። የስፌት አክርማን እዩ፦ ደረቁን ሲያጥፉት ቀጭ ይላል፣ ውኃ ሲነካው ግን በስንደዶው ዙሪያ እሺ ብሎ ይጠመዘዛል። ሣሩ ያው ሣር ነው።

ከተሰፋ በኋላ ግን አክርማው እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ የመዞር ነፃነቱን ያጣል፣ ለዚህም ይከፍላል፤ መዞሩን ላቆመ ለእያንዳንዱ ትስስር በግምት ከ0.5 እስከ 1 ኪሎ ካሎሪ በሞል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.4 ኪሎ ካሎሪ ማጣት የመያያዝ ጥንካሬውን በ10 እጥፍ ያወርደዋል። ቀማሚዎች ሰንሰለቱን ወደ ቀለበት የሚቀይሩት ይህን ወጪ ለመቀነስ ነው። ቀለበቱ በተሳሳተ ቅርጽ ከተዘጋ ግን መድኃኒቱ ጭራሽ አይገባም።

ከአንኮበር፦ እውነት ብለዋል። ነገር ግን ተጣጣፊነት ዕዳ ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ኔቪራፒን ግትር ነው፤ የሚያርፍበት የቫይረሱ ኢንዛይም 103ኛው አሚኖ አሲድ ከላይሲን ወደ አስፓራጂን ሲለወጥ መድኃኒቱ ይከሽፋል። ሌላው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኤትራቪሪን ግን ጠመም፣ ዘወር ብሎ ሌላ አቀማመጥ ስለሚያገኝ መሥራቱን ይቀጥላል። ኢንዛይም ተቀባይ ባይሆንም መርሁ አንድ ነው።

«ይላመዳል» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ስንል መድኃኒቱ የማይበግረው ማለታችን ነው፤ ተማሪው ትርጉሙን ገልብጦ ይይዘዋል። «ተስማማ»ም አይሆንም፣ «መድኃኒቱ ተስማማኝ» የሚለው የበሽተኛው ነውና። ኬሚስቱ ፊሸር በ1894 እ.ኤ.አ. ያመጣው የጓጉንቸርና የቁልፍ ምሳሌ «ገጠመ» ይበቃዋል። ባዮኬሚስቱ ኮሽላንድ በ1958 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ግን ተቀባዩ ወገን ራሱ ቅርጹን እንደሚያስተካክል ነው፤ ለእሱ «ተመቻችቶ መግጠም» ቢባል እመርጣለሁ። ተመቻችቶ ተቀመጠ እንደምንለው።

ከደብረ ብርሃን፦ እንግዲያው «ሞለኪውሉ ተጣጣፊ በመሆኑ ከተቀባዩ ጋር ተመቻችቶ ይገጥማል» ልበል?

ከመሐል ሜዳ፦ «በመሆኑ»ን ያውጡት፤ መተጣጠፍ ሁልጊዜ ይጠቅማል ያሰኛል። «ተጣጣፊው ሞለኪውልና ተቀባዩ ተመቻችተው ይገጥማሉ» ይበቃል።