የርዕስ ስላይድ ለመሥራት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? በአማርኛ ለሚያቀርቡ ሰዎች የተዘጋጀ ጥቆማ

ከአንድ ፕሬዘንቴሽን ስላይዶች ሁሉ ብዙውን ጊዜ ስክሪን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው የርዕስ ስላይዱ ነው። ታዳሚው ገብቶ ቦታ እስኪይዝ፣ ድምፅ ማጉያው እስኪስተካከልና አቅራቢው እስኪተዋወቅ ድረስ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ሶፍትዌር ስንመርጥ አዘውትረን የምናነሣቸው ነጥቦች፣ ማለትም የቴምፕሌቱ ብዛትና የአኒሜሽኑ ዓይነት፣ ለዚህ ስላይድ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። እዚህ በብዛት የሚሠራባቸውን ሶፍትዌሮች የማወዳድረው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ርዕስ ገዝፎና ጠርቶ እንዲታይ ያስችላል ወይ? ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድስ ያ መልክ ሳይለወጥ ይደርሳል ወይ? ዐይን የሚስበው ርዕሱ ራሱ ነው፤ ሥዕሉም ሆነ ቀለሙ እሱን ለማገዝ የሚመጡ ናቸው።

ሶፍትዌሮቹን አንድ በአንድ ከማየት በፊት ስለ ፎንት መነጋገር ግድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነውና። የአማርኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ርዕስን ከሌላው ጽሑፍ ለመለየት በዋናነት የሚቀሩን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ናቸው። በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚታወቀው ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ አለው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልም እንዲሁ። ኢብሪማ መደበኛና ደማቅ የሆኑ ሁለት መልኮች ሲኖሩት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ 9 ደረጃዎች አሉት። አንድ ውፍረት ብቻ ባለው ፎንት ላይ የቦልድ ምልክቱን ሲጫኑ፣ ሶፍትዌሩ በትክክል የተሣለ ደማቅ ፊደል ስለማያገኝ የነበረውን ፊደል ጠርዙን እያሰፋ ያወፍረዋል። በ14 ፖይንት የፊደል መጠን ይህ ብዙም አይታወቅም፤ በ60 ፖይንት ርዕስ ላይ ግን የሴ፣ የቤና የዴ ቀለበቶች ጠበው ይታያሉ፣ የፊደሎቹ እግሮች እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ርዕሱ ይደበዝዛል። ፊደሉን የሚያጋድመው የኢታሊክ ምልክትም ከዚህ የተሻለ ውጤት ስለማይሰጥ ለርዕስ ባይነካ እመርጣለሁ።

ስለዚህ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢሠሩ ለርዕስ የምጠቁመው ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፤ እሱም ብላክ ወይም ኤክስትራቦልድ የሚባለው ውፍረቱ። ጉዳዩ ታሪክ፣ ሃይማኖት ወይም ሥነ ጽሑፍ ከሆነና የብራና ጽሑፍን የሚያስታውስ መልክ ከተፈለገ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይስማማል። ሁለቱም ከጉግል ፎንትስ በነፃ ይወርዳሉ። ሲጭኑ እያንዳንዱ ውፍረት ለየብቻው የተዘጋጀበትን ፋይል ቢመርጡ ይሻላል፤ ሁሉም ውፍረት በአንድ ፋይል ውስጥ የታጨቀበትን ዓይነት ፓወርፖይንት በሚገባ አያስተናግደውም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ፓወርፖይንት ነው። የመጀመሪያው ምክንያቴ ፎንትን ከፋይሉ ጋር አብሮ መላክ መቻሉ ነው፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ በሚለው መንገድ ገብተው ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት የሚያዘውን ሳጥን ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ሁለት አማራጭ ይመጣል። ሌላ ሰው ጽሑፉን የሚያርም ከሆነ ሁሉም ፊደሎች እንዲካተቱ የሚለውን፣ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ደግሞ በሥራ ላይ የዋሉት ብቻ የሚለውን ይመርጣሉ። የፎንቱ ፈቃድ ይህን መፍቀድ አለበት፤ ኖቶም ሆነ አቢሲኒካ ክፍት በሆነ የፎንት ፈቃድ ስለሚሰራጩ ችግር የለባቸውም። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው የሚገጥመው ነገር የታወቀ ነው፦ የኦፊስ መደበኛ ቴም (የፎንትና የቀለም ቅንብሩ) ለግዕዝ ፊደል የመዘገበው ፎንት ኒያላ ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ለብቻው የሚጨመር ተጓዳኝ ፎንት ስለሆነ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ርዕሱ በኢብሪማ ተተክቶ ይታያል። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይም በሁለት መስመር የተቀመጠው ርዕስ ሦስት መስመር ሆኖ ከሥሩ ባለው የአቅራቢው ስም ላይ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያቴ መርጅ ሼፕስ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ይህንን በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። «የከርሰ ምድር ውኃን ከብክለት ለመጠበቅ የሚያስችሉ የክትትል ዘዴዎች» የሚል ርዕስ አለን እንበል። እንዳለ ከተጻፈ ሁሉም ቃል እኩል ስለሚጮህ አንዱም አይሰማም፤ ሶፍትዌሩ በራሱ ሲሰብረውም «የከርሰ» አንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ «ምድር» ወደ ቀጣዩ ሊወርድ ይችላል። ርዕሱን ለሁለት ከፍለን «የከርሰ ምድር ውኃ» የሚለውን በ88 ፖይንት ብላክ፣ «ከብክለት ለመጠበቅ የሚያስችሉ የክትትል ዘዴዎች» የሚለውን ከሥሩ በ32 ፖይንት መደበኛ እናስቀምጠው። በአንድ ሳጥን ውስጥ መስመር መስበር ሲያስፈልግ ሺፍትን ይዞ ኢንተር መጫን ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ሶፍትዌሩ ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ አንቀጽ ይቆጥራቸዋል። ቀጥሎ ጥርት ያለ የውኃ ፎቶ እናስገባና ትልቁን ጽሑፍ ከላዩ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ ፎቶውን፣ ከዚያ ሺፍት ይዘን ጽሑፉን እንመርጥና በመርጅ ሼፕስ ሥር ኢንተርሴክት የሚለውን እንጫናለን። ፎቶው ተቆርጦ በፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ይቀራል፤ ውኃው በ«ከ» እግርና በ«ው» ሆድ ውስጥ ይታያል ማለት ነው። ወፍራም ፎንት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ በቀጭን ፊደል ውስጥ ፎቶው ፎቶ መሆኑ አይለይም። የመረጡት ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ውጤቱ የተለየ ስለሚሆን ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፊደሎቹ ከዚያ በኋላ ቅርጽ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆኑ የትም ቢሄዱ ፎንት አይፈልጉም። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው፤ የፊደል ግድፈት ቢገኝ ማረም ስለማይቻል ከመጀመሩ በፊት ስላይዱን አባዝቶ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይገባል። ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞችም ርዕሱን ማግኘት አለባቸው። ለዚህ ሙሉውን ርዕስ በመደበኛው የርዕስ ሳጥን ውስጥ ጽፎ ሳጥኑን ከስላይዱ ጠርዝ ውጭ ማኖር በቂ ነው። ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ርዕሱን መስማት ያልቻለ ታዳሚ እያለ ስላይዱ አልቋል ብዬ አላምንም።

ከአንድ ሰው በላይ የሚሠራበት ፕሬዘንቴሽን ከሆነ ምርጫዬ ወደ ጉግል ስላይድስ ይዞራል። በፎንት ዝርዝሩ ላይ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ከፍቶ የጽሕፈት ዓይነቱን ወደ ኢትዮፒክ ሲለውጡ የግዕዝ ፊደል ያላቸው ፎንቶች ይመጣሉ፤ ኖቶ ሳንስ፣ ኖቶ ሰሪፍና አቢሲኒካም በዚያ ይገኛሉ። ፎንቱ ከኢንተርኔት ስለሚመጣ ሊንኩን የከፈተ ሁሉ ተመሳሳይ መልክ ያያል፤ ስለ መጫን የሚያስብ የለም። ድክመቱ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። የራስን ፎንት መጫን አይፈቅድም፤ ፎቶን በፊደል ቅርጽ የሚቆርጥ መሣሪያም የለውም። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገርም አለ። የጉግል ስላይድስ መደበኛ ስላይድ ወርዱ 10 ኢንች፣ ቁመቱ 5.625 ኢንች ሲሆን፣ የፓወርፖይንቱ ግን 13.333 በ7.5 ኢንች ነው። ሁለቱም የ16 በ9 ምጥጥን ቢኖራቸውም የፖይንት ቁጥሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም፤ በጉግል ስላይድስ የተጻፈ 45 ፖይንት ስክሪን ላይ የሚይዘው ቦታ በፓወርፖይንት ከተጻፈ 60 ፖይንት ጋር እኩል ነው። ከአንዱ ምክር ወስዶ በሌላው ላይ የሚሠራ ሰው ርዕሱ ለምን እንደገዘፈበት ወይም እንዳነሰበት ግራ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ኪኖት አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለርዕስ ስላይድ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንደኛ አደርገው ነበር። ጽሑፍን ጽሑፍነቱ ሳይጠፋ በፎቶ ወይም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው በሚሸጋገር ቅብ መሙላት ይችላል፤ በፓወርፖይንት በኢንተርሴክት ያገኘነውን ውጤት እዚህ ፊደሉን እንደገና ማረም እየተቻለ እናገኘዋለን ማለት ነው። ማጂክ ሙቭ የሚባለው መሸጋገሪያም ትልቁን ርዕስ በቀጣዩ ስላይድ ላይ ወደ ጥግ አሳንሶ በእርጋታ ያሳርፈዋል። የማክ ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፊደል ያለው ኬፋ የተባለ ፎንት አብሯቸው ይመጣል፤ ሆኖም ኬፋ በዊንዶውስ ላይ ስለማይገኝ ፋይሉን ወደ ፓወርፖይንት ለውጦ መላክ የታሰበበትን ርዕስ ያበላሻል። በራስዎ ማክ ወይም አይፓድ የሚያቀርቡ ከሆነ ኪኖትን ያለ ማመንታት ይምረጡት፤ ፋይሉን ለሌላ ሰው የሚያስረክቡ ከሆነ ግን ይተዉት።

በኢንተርኔት የሚሠራበት የዲዛይን መሣሪያ ካንቫ በጣም የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጊዜ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ መልክ ያቀርባል። እኔ የምመክረው በጥንቃቄ እንዲያዝ ነው። አብዛኞቹ ቴምፕሌቶች የተቀናበሩት ለላቲን ፊደል፣ በተለይም በትልልቅ ፊደላት ለተጻፉ አጫጭር ቃላት በመሆኑ፣ በአማርኛ ሲተኩ የመስመሩ ከፍታም ሆነ በፊደል መካከል የተሰጠው ክፍተት አይመጥንም። በፊደላት መካከል የተሰፋ ክፍተት ካለ ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ አማርኛ ፊደሉ ሲበተን ቃሉ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይጠፋል። ከዚያ ከስላይዱ ላይ ቢያንስ ግማሹን ጌጥ ያንሱ። ቅጠሉ፣ ክቡ፣ የነጥብ ጥልፉና የቀስት ምልክቱ ርዕሱን የሚሻሙ እንጂ የሚያግዙ አይደሉም፤ አንድ ጠንካራ ፎቶ ወይም አንድ ቅርጽ ይበቃል።

ኢንተርኔት በማያስተማምንበት ሁኔታና የሶፍትዌር ክፍያ በማይቻልበት ጊዜ ሊብሬኦፊስ ኢምፕሬስ አጥጋቢ ነው። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ ፎንት የማካተቻ አማራጭም አለው። አብረውት የሚመጡት ቴምፕሌቶች ግን ዐይን የሚስቡ ስላልሆኑ ከባዶ ስላይድ መጀመር ይሻላል። ፕሬዚ የተባለውን ሶፍትዌር ለዚህ ዓላማ አልጠቁምም፤ ጥንካሬው በአንድ ሰፊ ሸራ ላይ መቅረብና መራቅ ስለሆነ ጸንቶ ለሚቆም የርዕስ ስላይድ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

ሶፍትዌሩ ምንም ይሁን ምን ርዕስን በፎቶ ላይ የሚጽፍ ሰው በፎቶውና በጽሑፉ መካከል ከፊል አሳላፊ የሆነ ጥቁር ሳጥን ማስገባት ይኖርበታል። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው መመሪያ ለትልልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ለ1፣ ለመደበኛ ጽሑፍ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ በፕሮጀክተር ለሚታይ ርዕስ እኔ ከዚህ ከፍ እንዲል እመርጣለሁ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን ሊያወጣ አይችልም፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ብርሃን ያላረፈበት የግድግዳው ወይም የሸራው ክፍል ነው። መጋረጃ በሌለው ብሩህ ክፍል ውስጥ በላፕቶፕ ላይ ያማረው ጥቁር ሰማያዊ መደብ ወደ ግራጫ ይለወጣል። በእንዲህ ዓይነት ክፍል ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ርዕስ መጻፍ፣ ቀለሙንም በአንድ ወፍራም መስመር ወይም በአንድ ቃል ላይ ብቻ ማዋል ያዋጣል። መጠኑ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ስላይዶቹ በትንንሹ ተደርድረው ወደሚታዩበት ገጽ ይሂዱ፤ እዚያ ላይ ያለ ችግር የተነበበ ርዕስ ከኋላ ወንበርም ይነበባል።

ድርጅትዎ የቆየ ቴምፕሌት የሚሰጥዎ ከሆነ ምጥጥኑን አስቀድመው ይመልከቱ። ፓወርፖይንት የ16 በ9 ስላይድን መደበኛ ያደረገው በ2013 እትሙ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተዘጋጁ ቴምፕሌቶች አብዛኞቹ 4 በ3 ናቸው፤ በሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኛቸው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መጠኑን መለወጥ ያለብዎት ርዕሱን ከማቀናበርዎ በፊት ነው፤ በኋላ ሲለወጥ ፎቶውም ሎጎውም ሊለጠጥ ይችላል። ለውጡን የሁሉም ስላይዶች መልክ በሚወሰንበት በስላይድ ማስተር ውስጥ፣ የርዕስ ስላይድ በሚለው ገጽታ ላይ ያድርጉት።

የመጨረሻው ጥቆማዬ የፒዲኤፍ ቅጂን ይመለከታል። አኒሜሽን ባይኖረውም ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በማያውቁት ኮምፒውተር ላይ ለሚያቀርቡ ሁሉ በፍላሽ ዲስክ አብሮ መያዝ አለበት። ቅጂውን ካወጡ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ እስከ 400 በመቶ አጉልተው ይዩት፦ የፊደሎቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ ርዕሱ በፊደልነቱ ወይም በቅርጽነቱ ተቀምጧል፤ ጠርዙ በትንንሽ ካሬዎች ከተሰባበረ ወደ ሥዕል ተለውጧልና ሥዕሉ በ1920 በ1080 ፒክስል ወይም ከዚያ በላይ እንዲወጣ አድርገው እንደገና ያውጡት።