«ኦል ኤጅስ»፣ «ሞሽ ፒት»፣ «ስትሬይት ኤጅ»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ዋሽንግተን ዲሲ የፐንክና የሃርድኮር ሙዚቃ (ፐንክ ጩኸታም ሮክ ነው፤ ሃርድኮር ደግሞ ከሱም የፈጠነው) አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሦስት ቃላት አላላውስ አሉኝ። «ኦል ኤጅስ ሾው»ን «ለሁሉም የዕድሜ ክልል የተፈቀደ ዝግጅት» አልኩት። ሳነበው ይደብራል። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። «ሞሽ ፒት» እና «ስትሬይት ኤጅ»ን ገና አልነካኋቸውም። እስቲ የምታውቁ ጣል አድርጉ።

የዲሲ ልጅ፦
እዚያው ስላደግኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «የተፈቀደ» የሚለውን አውጣው ወንድሜ። ማንም በደስታ የፈቀደው ነገር አይደለም፤ ልጆቹ ተሟግተው ያገኙት ነው። ክለብ የሚኖረው በመጠጥ ሽያጭ ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ያልደረሰ ልጅ በር ላይ ይመለሳል። ሃርድኮር የሚጫወቱት ግን ራሳቸው የሃይስኩል ልጆች ነበሩ!

እ.ኤ.አ. በ1980 ቲን አይድልስ የሚባል የዲሲ ባንድ ካሊፎርኒያ ሄደ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ክለብ የልጆቹ እጅ ላይ ትልቅ ኤክስ (X) ጽፎ አስገባቸው። «ለዚህ መጠጥ እንዳትቀዱ» ማለት ነው። ሲመለሱ ሐሳቡን ዲሲ ላለው ናይን ሰርቲ ክለብ ነገሩት፤ እሱም ተቀበለ። እኔ ብሆን «ልጅ አዋቂ ሳይባል የሚገባበት» እላለሁ።

ጋሽ ግዕዙ፦
ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽ። «ልጅ አዋቂ ሳይባል» ወዝ አለው። «ፒት»ን ግን በቀጥታ «ጉድጓድ» ብንለው ምን ይለናል? ቃሉ እያለን ለምን እንበደራለን?

የዲሲ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጉድጓድ ካልነው አንባቢው ሰው ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል። ምንም የተቆፈረ ነገር የለም። መድረኩ ፊት ያለ ባዶ ወለል ነው። ባንዱ ሲጀምር ልጆቹ ክብ ሠርተው ይሮጣሉ፣ በትከሻ ይጋጫሉ፣ ክንዳቸውን ይወነጭፋሉ። ከውጭ ለሚያየው ድብድብ ነው። ግን አንዱ ሲወድቅ ሁለት ሦስት እጅ ብብቱ ሥር ገብቶ ብድግ ያደርገዋል። የወለቀ ጫማ ያገኘም ባለቤቱ እስኪመጣ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ፉጋዚ የተባለው የዲሲ ባንድ ደግሞ ጉልበት የሚያበዛ ሰው ሲያይ ዘፈኑን ያቆም ነበር። የመግቢያውን 5 ዶላር መልሰው ያስወጡታል። ስለዚህ «ግፊያ» ለኔ ይቀርባል። ያውም ግፊያ ብቻውን ሰው ሳይወድ የሚገባበት ስለሆነ «የግፊያ ጭፈራ» ይባል።

ዱብ ወዳጅ፦
ስለ «ሞሽ» አመጣጥ አንድ ነገር ልጨምር። ባድ ብሬንስ የሚባለውን ባንድ የሚያውቅ አለ? የዲሲ ጥቁር ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን፣ ጃዝን ከሮክ ጋር የቀላቀለውን፣ ይጫወቱ ነበር። በኋላ ፐንኩን ማንም ባልደረሰበት ፍጥነት ያዙት። ራስታዎች ናቸው፤ እዚህ ጋ እኛም ዘመድ ነን እንግዲህ፣ በጃንሆይ በኩል። ፈጣኑን ሲያደርሱት አንዳንዴ ድንገት ወደ ሬጌ ይገቡ ነበር። ዘፋኙ በጃማይካ ዘዬ «ማሽ» (ጨፍልቅ እንደማለት) ሲል ሰሚው «ሞሽ» ብሎ ያዘው ይባላል። እንዲህ ከሆነ እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን የወሰደው ከጃማይካ አፍ ነው። እኛም እንዳለ ብንወስደው ነውር የለውም።

ቃል ለቃሚ፦
ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ መጀመሪያ ሲመጣ «ሞሽ፣ የግፊያው ጭፈራ»። «ስትሬይት ኤጅ»ስ? «ቀጥ ያለ ጠርዝ» ብል የአናጢ ዕቃ ሆነ። «ጨዋ»?

የዲሲ ልጅ፦
ጨዋ አትበል፣ ጎረቤት ያስቁብሃል። በዚያ ጩኸት ጨዋ! ስሙ የመጣው ማይነር ስሬት የሚባለው የዲሲ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው ዘፈን ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ዕፅ አልነካም የሚል አቋም ነው። «ምንም የማይቀምስ» በለው። በኛ «እሱ አይቀምስም» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ያ የክለብ ኤክስ ምልክታቸው የሆነውም በዚሁ ነው። ልጅ እንዳይጠጣ የተደረገበትን ምልክት አዋቂ ከሆነም በኋላ ወዶ ይጽፈው ጀመር።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ቤት ይሄ ኤክስ ጣጣ ነበረው። 16ኛው መንገድ ላይ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለፐንክ ሾው ይሰጥ ነበር። «የት ነሽ?» ስባል «እስጢፋኖስ ነኝ» እላለሁ። ውሸት የለበትም! እናቴ ደስ ይላታል። ሌላ ቀን ክለብ አምሽቼ ስመጣ ግን እጄን አየችው። እሷ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ለሷ ኤክስ የተሳሳተ መልስ ነው። «ደግሞ ምን ሳትመልሺ ቀርተሽ ነው እጅሽ ላይ የታረመው?» አለችኝ።

ጋሽ ግዕዙ፦
ሃሃ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። «የማይቀምስ»ን ተቀብያለሁ። ጉድጓዴንም ደፍኛለሁ።

ቃል ለቃሚ፦
አንድ ብቻ ቀረኝ፤ «ፖዘር»። ሙዚቃው ሳይገባው ጃኬቱን ብቻ የለበሰ። «አስመሳይ» አልከበደም?

የዲሲ ልጅ፦
ከብዷል። አስመሳይ ተንኮል አለበት። «ለታይታ የመጣ» በለው፤ የአራዳ ቃል ከፈለግክ ደግሞ «ሙዱ ያልገባው»።