የድመቴ ጸጉር በክብ በክቡ እየረገፈ ነው፤ ጭርት ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምናሳድጋት ሦስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ድመት አለችን። የጆሮዋ ጠርዝና ከዓይኗ በላይ ያለው ጸጉሯ በክብ በክቡ ረግፎ፣ ቆዳዋ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል፤ ብዙም ግን አታክክም። ታናሹ ልጄም ክንዱ ላይ ክብ ቀይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ጎረቤቴ «ነጭ ጋዝ ቀቢያት» አለችኝ፤ መድኃኒት ቤት ደግሞ ለሰው የሚታዘዝ የፈንገስ እንክብል ከፋፍዬ እንድሰጣት ነገሩኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የልጅዎ ሽፍታ አብሮ መታየቱ ጭርትን በጣም ያስጠረጥራል። ድመቶችን በብዛት የሚይዘው ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ፈንገስ ወደ ሰው ይተላለፋልና ልጁን ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት። ሆኖም እከክም፣ የቁንጫ አለርጂም ጸጉር ስለሚያረግፉ በዓይን ብቻ አይወሰንም። የእንስሳት ሐኪሙ በጨለማ ክፍል የዉድ መብራት የሚባለውን ልዩ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያበራባት በፈንገሱ የተያዘው ጸጉር ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ ቅባትና ብናኝም ሊያበሩ ስለሚችሉ ግን ጸጉሩ ተነቅሎ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መመርመር፣ እስከ 21 ቀን ሊወስድ ይችላል። ነጭ ጋዙን ፈጽሞ አያስነኳት፤ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይመርዛታል።

መልስ፦ እንክብሉን በተመለከተ ልጨምር። ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ለድመት የሚታዘዘው በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲሆን፣ አንድ ሳምንት እየተሰጠ አንድ ሳምንት እየታረፈ ሦስት ዙር ይሄዳል። ለእርስዎ ድመት በቀን 15 ሚሊግራም መሆኑ ነው። የሰው እንክብል ግን በብዛት 100 ሚሊግራም ስለሆነ በግምት መከፋፈሉ አደገኛ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስንልዎ። የሰጡዎት ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ በእርግዝና ወቅት ከተሰጠ ጽንስ ይጎዳል፣ በአንዳንድ ድመቶች ላይም የነጭ የደም ሕዋስን ቁጥር ያወርዳል። ከሚዋጠው ጋር ማይኮናዞልና ክሎርሄክሲዲን ባለበት ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል።

መልስ፦ እኔ የምለምንዎ ቤቱን እንዳይዘነጉ ነው። ከጸጉሯ ጋር የሚረግፈው የፈንገስ ዘር እስከ 18 ወር በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የምትተኛበትን ጋቢ ይጠቡ፤ ምንጣፉና ሶፋው ላይ ያለውን ጸጉር በሚገባ ያንሱ፤ ወለሉን በሳሙና ካጠቡ በኋላ በውኃ የቀጠነ በረኪና ይጠቀሙ፤ ድመቷን ግን በረኪና እንዳይነካት። ጸጉሯ መልሶ ስለበቀለ ብቻ ሕክምናውን አያቋርጡ፤ መቋረጥ ያለበት ካልቸሩ ከፈንገሱ ነጻ መሆኗን ሲያሳይ ነው።